ኮርቻ የተጫነበት ሞተር

ሱሉልታ ላይ፣ ከጎጃሙ መንገድ ዳር፣ ከድርቆሽ ሻጮቹ ተራ ጀርባ በላሜራ የተከለለች አንዲት የብየዳ ቤት አለች። ባለቤቷ ቀጄላ ባይሳ ነው። ሞተር ሳይክል ገዝቶ ወገቡን ያመመው፣ እግሩ መሬት አልደርስ ያለው፣ ወይም የሞተሩ መልክ ከጎረቤቱ ሞተር ጋር መመሳሰሉ ያናደደው ሁሉ የሚመጣው ወደ እሱ ነው። ብየዳውን የተማረው ቡራዩ ነው። ሞተርን በሰው ልክ ማበጀትን ግን ማንም አላስተማረውም።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ባለሞተሩን መጀመሪያ ሞተሩ ላይ አያወጣውም። በርሜል አጋድሞ እሱ ላይ ያስቀምጠውና «ዓይንህን ጨፍን፤ አሁን እየነዳህ ነው በል» ይለዋል። ሰውየው እየሳቀ እጁን ይዘረጋል። ቀጄላ ሳቁ እስኪያልቅ ይጠብቃል። ሳቁ ሲያልቅ ትከሻው ይወርዳል፣ ጉልበቱ ይከፈታል፣ እጆቹ የሚመቻቸውን ቦታ ያገኛሉ። እጁ ያረፈበት የመሪው ቦታ ነው፤ እግሩ ያረፈበት የመርገጫው።

«ፋብሪካ የሚሠራው ለማያየው ሰው ነው» ይላል ቱቦውን በእሳት እያጣመመ። «እኔ የምሠራው ለማየው ሰው ነው።»

ብዙ አያወራም። ሲናደድ እንኳ አይጮኽም። ሲናደድ ግራይንደሩን አንስቶ የሚሞረድ ነገር ይፈልጋል። የሰፈሩ ሰው የብልጭታውን ብዛት አይቶ የቀኑን ወሬ ይገምታል ይባላል። ይህ ታሪክ በሆነባቸው ዓመታት ብልጭታ ያልታየበት ቀን ጥቂት ነበር።

አባቱ ኦቦ ባይሳ ናቸው፤ በዚህ ስም የሚያውቃቸው ግን ቀበሌው ብቻ ነው። አገሬው አባ ቦቃ ይላቸዋል። ቦቃ ግንባሩ ላይ ነጭ ምልክት የነበረው ፈረሳቸው ነው፤ በዚያ አገር ፈረሰኛ የሚጠራው በፈረሱ ነው። የልጅነት ጓደኛቸው ኦቦ ኦዳም በጥቁር ፈረሳቸው አባ ጉራቻ ይባሉ ነበር። ሁለቱ ለገና ጉግስ ሲገጥሙ አድገዋል። በአንዱ ገና የኦዳ ዘንግ አባ ቦቃን ከፈረስ አውርዶ የግራ ዳሌያቸውን ሰበረው። ከዚያ ወዲህ ግራ እግራቸው እንደ ልብ አይታጠፍም። ኦዳ ለዚህ ይቅርታ ጠይቀው አያውቁም። «ጋሻህን ዝቅ አድርግ ያለህ ማነው?» ነው የሚሉት። አባ ቦቃም ይህን በሰሙ ቁጥር እንደ አዲስ ይስቃሉ።

በከተማዋና በወንዙ መካከል የጋራ የግጦሽ ሜዳ ነበር። ክረምት ውሃ ይተኛበታል፤ መስከረም ሲጠባ ሣሩ የፈረስ ሆድ ይነካል። አንድ ዓመት ሰዎች መጥተው ችካል ተከሉበት። ችካሉ ግንብ ሆነ። ግንቡ ውስጥ ምን እንደሚሠራ ለአገሬው ያስረዳ የለም፤ አንዱ ፋብሪካ ነው አለ፣ ሌላው የባለሀብት ሆቴል ነው አለ። ምንም አልተሠራም። ሣሩ ግን አደገ። ሳይታጨድ፣ ሳይጋጥ፣ ቆሞ ደረቀ፣ በዝናብ በሰበሰ፣ እንደገና በቀለ። ቦቃ ጎድኑ እየተቆጠረ አንገቱን በግንቡ ላይ አስግጎ ሽታውን ሲስብ ይውል ነበር።

ቀጄላን እስከ ዛሬ የሚያበግነው ይህ ነው። አንድ ነገር ቢሠሩበት ኖሮ «ለአገር ነው» ብሎ ራሱን ባጽናና። ሣር እያበሰበሱ ፈረስ ማስራብ ግን ምን ይባላል? ለዚህ የሚሆን ስም በየትኛውም ቋንቋ ፈልጎ አጥቷል።

አባ ቦቃ በመጨረሻ ፈረሱን ሣር ወዳለበት፣ ሙከ ጡሪ ላሉ ዘመዶቻቸው ሰደዱት። እዚያም ብዙ አልቆየም፤ ሞተ። የኦዳ ጉራቻም ከእሱ ቀድሞ ሞቶ ነበር። ፈረስ አልባ ፈረሰኞች ሆኑ፤ ስማቸው ብቻ ቀረ።

ያኔ ነው ማስተር ፕላን የሚባለው ወሬ የመጣው። ሕዝቡ ለስብሰባ ተጠርቶ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ትልቅ ካርታ ታየ። አዲስ አበባ መሐል ላይ ነች፤ ሰበታ፣ ቡራዩ፣ ሱሉልታ፣ ገላን ዙሪያዋን በቀለም ተለቅልቀዋል። አባ ቦቃ በዱላቸው ተደግፈው ተነሡና የእሳቸው ደጅ የቱ ጋ እንደሆነ ጠየቁ። ዘንግ የያዘው ወጣት ባለሙያ ፈልጎ አገኘላቸው።

«እዚህ ጋ ነዎት፤ አረንጓዴው ላይ።»

«አረንጓዴ ማለት ምንድን ነው?»

«መናፈሻ ነው፣ አባት። ሣርና ዛፍ። ሰው የሚዝናናበት።»

«ሣርማ ነበረን» አሉ አባ ቦቃ። «በግንብ አጥራችሁ የወሰዳችሁትን መልሳችሁ ልታበቅሉ ነው ቤቴን የምታፈርሱት?»

አዳራሹ ሳቀ። ባለሙያው ግን አልሳቀም፤ «ቀጣይ ጥያቄ» አለ። ቀጄላ በዚያ ቀን ወደ ብየዳ ቤቱ ተመልሶ ለሥራ የማይሆን አንድ ብረት እስኪያልቅ ድረስ ሞረደ።

ከዚያ በኋላ ሽማግሌው ከቤት መውጣት ተዉ። ዳሌያቸው ረጅም መንገድ አያስኬድም። ጋሪ ላይ አይወጡም፤ ፈረስ ጋሪ ሲጎትት ማየት ያማቸዋል። ኦዳ ደግሞ ከወንዙ ማዶ ናቸው፤ እሳቸውም ዓይናቸው ደክሟል። ሁለቱ ሽማግሌዎች በልጆቻቸው በኩል ስድብ ይላላኩ ጀመር። ቀጄላ ይህን አንድ ክረምት ሙሉ ተመለከተና ሰበታ ካለ ወዳጁ ያረጀ የህንድ ሞተር አመጣ።

«አባዬ፣ እስቲ እዚህ ይቀመጡ።»

«በርሜል ላይ?»

«ለልክ ነው።»

«ሬሳ ሳጥን ልትሠራልኝ ነው?»

«ሞተር ነው። ኦቦ ኦዳ ጋ የሚሄዱበት። እኔ እነዳለሁ፣ እርስዎ ከኋላ ይቀመጣሉ።»

አባ ቦቃ በርሜሉን በዱላቸው ነካ ነካ አደረጉት። «ከኋላ የሚቀመጠው ሙሽራና ጆንያ ነው» አሉ። «እኔ የቱ ነኝ?»

ቀጄላ ተሸነፈ። አባቱን ደግፎ በርሜሉ ላይ አስቀመጠና ዓይናቸውን እንዲጨፍኑ ለመናቸው። «ቦቃ ላይ ነዎት» አላቸው። ሽማግሌው መጀመሪያ ፈገግ አሉ። ከዚያ ፈገግታው ጠፋ። የጎበጠው ጀርባ ተቃና። ግራ እግራቸው ወደ ፊት ተዘረጋ፤ ሁለት እጆቻቸው ዛብ እንደያዘ ሰው እምብርታቸው አጠገብ መጡ፤ አገጫቸው ከፍ አለ። ቀጄላ አባቱን እንዲህ ሆነው ካየ ቆይቶ ነበር። ሜትሩን ሳይዘረጋ ቆሞ አያቸው።

ከጎን ባለችው ቤት የመኪናና የሞተር ወንበር የሚሰፋው ዘርሁን ነው፤ ከደቡብ መጥቶ እዚያው የከረመ፣ እሁድ እሁድ በቸርቹ ኳየር ውስጥ የሚዘምር፣ ሌላውን ቀን በሰው ላይ የሚቀልድ ሰው። የሽማግሌውን ልክ ሲሰማ መርፌውን አስቀመጠ።

«ቆይ፣ እጁ እምብርቱ ጋ፣ እግሩ ቀጥ ብሎ ወደ ፊት፣ ጀርባው እንደ ችካል። ይሄ የሞተር አቀማመጥ ነው የዙፋን?»

«የፈረስ ነው።»

«እሺ፤ ኮርቻውን አምጣና እንጫነው። ገለባውን ግን እኔ አልችልም።»

ቀልዱ እውነት ሆነ። ከቦቃ አሮጌ ኮርቻ ቀዩን ቆዳ ፈትተው የሞተሩን ወንበር አለበሱት። ከፊት ቀጥ ብሎ የሚቆመውን የኮርቻውን እንጨት ዘርሁን ከታንከሩ ጀርባ በብሎን አሰረው፤ ሽማግሌው ሲወጡ የሚይዙት እሱን ነው። ቀጄላ መሪውን ከፍ አድርጎ ወደ ኋላ ሳበው፣ የኋላውን ሞላ አሳጥሮ ወንበሩን ዝቅ አደረገ፣ መርገጫዎቹን ወደ ፊት አወጣ። ግራ እግራቸው ማርሽ መቀየር ስለማይችል ሞተሩን አስነስቶ ሁለተኛ ማርሽ ውስጥ የሚያስገባላቸው እሱ ነው፤ ከዚያ በሁለተኛው ብቻ፣ ፍሪሲዮንና ቤንዚን ይዘው፣ በፈረስ ሶምሶማ ይሄዳሉ። ከሶምሶማ በላይ አልጠየቁም።

የጠየቁት ሌላ ነገር ነበር።

«በቀኝ ነው የምወጣው» አሉ።

«አባዬ፣ ሞተር በግራ ነው የሚወጣው። ማቆሚያው በግራ ነው፤ የሚያዘነብለው ወደዚያ ነው።»

«ማነው በግራ ይውጣ ያለው?»

«የሠሩት ሰዎች።»

«አባቴም አያቴም ፈረስ የወጡት በቀኝ ነው። እኔ ስልሳ ዓመት በቀኝ ወጥቼ አሁን የብረት ፈረስ መጣ ብዬ በግራ ልወጣ ነው?»

ዘርሁን ከበሩ ላይ «እውነታቸውን ነው» አለ፤ ለማባባስ።

ቀጄላ ማቆሚያውን ከግራ ቆርጦ በቀኝ በየደው። የጭስ ማውጫው ማርሚታም በቀኝ ስለሆነ እግራቸውን እንዳያቃጥላቸው በወፍራም የበሬ ቆዳ ሸፈነው። ሞተሩ ከዚያ በኋላ በዓለም ካሉ ሞተሮች ሁሉ ተቃራኒ ጎን ተደግፎ የሚቆም ሆነ። ዘርሁን በግራ ዞሮ ገፋ አደረገውና ወደ እሱ ሲወድቅ በጉልበቱ ያዘው። «ሌባ አያሰጋውም» አለ። «የሰረቀው ሰው አቆማለሁ ሲል ከነሞተሩ ይተኛል።»

መጨረሻ ላይ አባ ቦቃ ከሳጥናቸው የቦቃን የክብር ልብስ አወጡ። ቀይ፣ ጥቁርና ነጭ የሱፍ ዘርፎች ናቸው፤ ለጥምቀት፣ ለሰርግና ለታላቅ ሰው ለቅሶ ፈረስ አንገት፣ ደረትና ጭራ ላይ የሚንጠለጠሉ። የፈተለቻቸውና የጎነጎነቻቸው የቀጄላ እናት ደስታነሽ ነበረች፤ በሙሽርነቷ ዓመት። እሷ ካለፈች ወዲህ ከሳጥን አልወጡም ነበር። ቀጄላ ለእነሱ ማንጠልጠያ የሚሆኑ የብረት ቀለበቶች በመሪው፣ በታንከሩ ጎንና ከወንበሩ ኋላ በየደ። ዘርፎቹ ግን ወደ ሳጥኑ ተመለሱ፤ የሥራ ቀን ልብስ አይደሉምና።

ኦዳ ጋ የሄዱ ዕለት ሽማግሌው ከፊት፣ ቀጄላ ከኋላ ነበሩ። ኦዳ ዓይናቸውን አጥብበው ወደ ድምፁ ዞሩ።

«አባ ቦቃ ነህ? ከኋላህ ያለችው ሙሽራ ማን ናት?»

«ልጄ ነው።»

«የምታጉረመርመውስ?»

«ፈረሴ።»

ኦዳ በእጃቸው ዳሰሷት። ቆዳውን አወቁት፤ የኮርቻውን እንጨት አወቁት። «ፍየል ነች» አሉ። «ፍየል ላይ ኮርቻ ጭነህ መጣህ።» ከዚያ ቀለበቶቹን አንድ በአንድ ዳሰሱ። የምን ማንጠልጠያ እንደሆኑ የሚነግራቸው አላስፈለገም። ሁለቱ ሽማግሌዎች ከድሮ ጀምሮ ቃል ነበራቸው፤ ቀድሞ ለሞተው የቀረው በለቅሶው ሜዳ ላይ የተሸለመ ፈረስ ይስብለታል። ባለቤቱ የሞተ ፈረስ አይጋለብም፤ ሸልመው በእግር ይስቡታል፣ ሰው ያን ሲያይ ማን እንደሞተ ያውቃል። አሁን ግን ሁለቱም ፈረስ የላቸውም።

«እንግዲህ እሷኑ አምጣልኝ» አሉ ኦዳ። «ግን ለብሳ። ራቁቷን ፍየል ለቅሶዬ ላይ እንዳላይ።»

«ምን ታያለህ? ሞተሃል እኮ።»

«ያኔም አያለሁ። ዛሬ ነው የማላየው።»

አባ ቦቃ እየሳቁ ማሉላቸው።

ኦዳ የሞቱት በሁለት ሺህ ስምንት ታኅሣሥ ነው፤ አገሩ በሚነድበት ወር። ማስተር ፕላኑን የተቃወሙ ተማሪዎች ከየትምህርት ቤቱ ወጥተው ነበር፤ መንገዱ ላይ ድንጋይና የተቃጠለ ጎማ፣ በየድልድዩ ላይ የታጠቀ ሰው። ቀብሩ በጥድፊያ ተፈጸመ። ሰው በወጉ የሚሰበሰበው ለሳልስቱ ነበር፤ አባ ቦቃም ቃላቸውን የሚፈጽሙት ያን ቀን ነበር።

ጠዋት ቀጄላ ዘርፎቹን አንድ በአንድ ቀለበቶቹ ላይ አሰራቸው። ሚስቱ ኤቢሴ በሩ ላይ ቆማ ታየዋለች።

«ቀጄላ፣ ዛሬ ነው እነዚህን ቀለሞች ይዘህ የምትወጣው? ወታደሩ ምን እንደሚላቸው ታውቃለህ።»

«የፈረስ ልብስ ነው።»

«እኔና አንተ እናውቃለን።»

አባ ቦቃ ከውስጥ ሰሙ። «ምን ይላቸዋል?»

«የባንዲራ ቀለም ነው ይላል፣ አባዬ» አለች ኤቢሴ። «የተከለከለው።»

ሽማግሌው አንዱን ዘርፍ በመዳፋቸው ያዙ። «ይሄ የደስታነሽ እጅ ነው» አሉ፣ ሌላ የሚባል ነገር እንደሌለ። ቀጄላም ማሰሩን ቀጠለ። ያስጨነቀው ሌላ ነገር ነበር፦ አባቱ መንጃ ፈቃድ የላቸውም። ለዚህ መልስ አዘጋጅቶ ነበር፤ «አጠፋን፣ ለቅሶ ሆኖብን ነው» ሊል።

አስፋልቱ ዳር ሲደርሱ የቆሙ ወጣቶች አዩአቸው። መጀመሪያ አንዱ አፏጨ። ከዚያ እጆቻቸውን ከራሳቸው በላይ አነባብረው ቆሙ፤ በዚያ ሰሞን የተቃውሞ ምልክት ነበር። አባ ቦቃ በክብር አንገታቸውን ሰበር አደረጉላቸው።

«ኦዳን ይሄን ያህል ልጅ ያውቀው ነበር?» አሉ በሞተሩ ድምፅ ላይ።

ቀጄላ ልጆቹ ላይም ተናደደ፤ ቢገባውም ተናደደ። የእናቱ እጅ ሥራ ነው፤ ይሄም ያም የራሱን ነገር የሚያነብበት ሰሌዳ አይደለም።

ድልድዩ ላይ ወታደሮች አስቆሟቸው። አዛዣቸው ወጣት ነው፤ ጫማው አቧራ ያልነካው። ሽማግሌው በቀኝ በኩል፣ እንጨቱን ይዘው፣ እንደ ወጉ ቀስ ብለው ወረዱ። አዛዡ መንጃ ፈቃድ አልጠየቀም። ሊብሬም አልጠየቀም። ዓይኑ ዘርፎቹ ላይ ነው።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«የፈረስ ልብስ ነው» አለ ቀጄላ።

«ፈረሱ የታለ?»

«ሞቷል።»

«እያሾፍክ ነው?»

«ለቅሶ ነው የምንሄደው፣ ጌታዬ። ወግ ነው። የአባቴ ጓደኛ ሞተው ...»

«ባንዲራ ይዘህ ነው ለቅሶ የምትሄደው?»

አባ ቦቃ ወደ ልጃቸው ዞሩ። «ማል ጄዳ?» አሉ፤ ምን ይላል እንደ ማለት።

«በአማርኛ ተናገሩ» አለ አዛዡ።

«በአማርኛም ያው ነው» አሉ ሽማግሌው በአማርኛ። «ሚስቴ የሠራችው ነው። አንተ አልተወለድክም ያኔ።»

አዛዡ ሞተሩ ይጣራል ብሎ መሪውን ተቀበለና ከመንገዱ ሊያወጣው ገፋው። ዳር ሲደርስ እንደለመደው በግራ በኩል ቆሞ ማቆሚያውን በእግሩ ፈለገ። የለም። ደግሞ ፈለገ። ቀጄላ «በቀኝ ነው፣ በቀኝ» ሲል ጊዜው አልፎ ነበር፤ ሞተሩ ከነኮርቻው፣ ከነዘርፉ ላዩ ላይ ጋደመና ሁለቱም ረግረጉ ውስጥ ወደቁ።

ከወታደሮቹ አንዱ ሳቀ። አንድ ብቻ ነው የሳቀው፤ ያም በቂ ነበር። አዛዡ ሱሪው ጭቃ ሆኖ ሲነሣ ፊቱ ሌላ ነበር።

«ማቆሚያውን ወደ ቀኝ ለምን አዞርከው?»

«አባቴ በቀኝ ስለሚወጡ ነው።»

«ለማምለጥ እንዲመች ነው?»

የሰባ ዓመት ሽማግሌ፣ የማይታጠፍ እግር፣ በሁለተኛ ማርሽ፤ ወዴት ነው የሚያመልጡት? ቀጄላ ይህን ሁሉ ሊል አፉን ከፈተ።

አዛዡ ግን ቢላዋ አውጥቶ ዘረጋለት። «ክሩን ቁረጠው። ራስህ ቁረጥ።»

«ልፈታው፤ ፈትቼ ቤት እመልሰዋለሁ።»

«ቁረጠው አልኩህ።»

«አልቆርጥም።»

«ሞተሩ ይቀራል፤ አንተም ከእሱ ጋር።» ሁለት ወታደሮች ጠጋ አሉ።

ቀጄላ ቢላዋውን አልተቀበለም። እጆቹ ጎኑ ላይ ተጨብጠዋል። እሱ ከቀረ አባቱ በዚያ እግር ከድልድዩ ወዲያም ወዲህም አይደርሱም፤ ያውቃል። ቢሆንም እጁ አልዘረጋም። ያኔ አባ ቦቃ በዱላቸው መሐላቸው ገቡና ቢላዋውን ከአዛዡ መዳፍ ላይ ራሳቸው አነሡት። ወታደሮቹ ጠመንጃቸውን ቀና አደረጉ። ሽማግሌው አላዩአቸውም።

«ተወው፣ ኢልመ ኮ» አሉ፤ ልጄ እንደ ማለት። «ለቅሶ አይደል የምንሄደው? ሰውም ሲያዝን ጠጉሩን ይላጫል። እሷም ትላጭ።»

በእናቱ ክር ላይ ቢላዋው ሲያልፍ ቀጄላ ዓይኑን አላነሣም። አባቱ አልቸኮሉም። የአንገቱን ቆረጡ፣ የደረቱን ቆረጡ፣ የጭራውን ቆረጡ። ጭቃውን በእጃቸው ጠርገው ሁሉንም ለአዛዡ ሰጡት። አዛዡ ፌስታል አስመጥቶ ከተተው፤ «ኤግዚቢት ነው» አለ።

«ደህና አድርገህ አስቀምጠው» አሉ አባ ቦቃ ቢላዋውን እየመለሱለት። «ተመልሼ የምወስደው ነው።»

ከድልድዩ ማዶ ሽማግሌው ሞተሩ ላይ አልወጡም። ቀጄላ ሊያስነሣ ሲል እጃቸውን አነሡ። በቀኝ በኩል ቆመው መሪውን በአንድ እጃቸው ያዙ፤ እሱ ከኋላ ገፋ። የለቅሶው ሜዳ እስኪደርሱ እንዲሁ ሄዱ፤ ሽማግሌው እያነከሱ፣ ሞተሩ ድምፁን አጥፍቶ፣ ቀለበቶቹ እየተንቀጫቀጩ።

ሜዳው ላይ የነበረው ሰው ዞሮ አየ። ፈረስ የያዙ ጥቂት ሰዎች ነበሩ፤ ከሩቅ የመጡ። መንገድ ከፈቱላቸው። አንዳንዱ ወጣት ሊስቅ ሲል ሽማግሌዎቹ ቆመው ስላየ ተወው። አባ ቦቃ ሞተሩን ስበው ሜዳውን አንድ ጊዜ ዞሩና የኦዳ ጋሻና ዘንግ ከተቀመጠበት ፊት ቆሙ።

«አባ ጉራቻ» አሉ፣ ሰው ሁሉ በሚሰማው ድምፅ። «ያልከኝን አመጣሁልህ። ለብሳ ነበር ከቤት የወጣችው። ልብሷን የገፈፏት መንገድ ላይ ነው። እኔን አትቀየመኝ፤ አያለሁ ብለሃል፣ የገፈፋትን አንተው እይልኝ።»

የሴቶቹ ልቅሶ ያን ጊዜ ከፍ አለ። ቀጄላ ከሞተሩ ኋላ ቆሞ ነበር። እንባው እስኪደርቅ ቀና አላለም።

ጥር ላይ ማስተር ፕላኑ ቀርቷል ተባለ። ዘርሁን ሬዲዮ ሰምቶ እየሮጠ መጣና «አባት፣ ቀረ እኮ፣ ሰረዙት» አላቸው። አባ ቦቃ ከብየዳ ቤቱ ደጃፍ ሆነው ወደ ታጠረው የግጦሽ ሜዳ አዩ።

«ለግንቡ ነግረውታል?» አሉ።

ዘርሁን ማታ ከሥራ ሲወጣ አዲስ ሱፍ ይዞ መጣ፤ ቀይ፣ ጥቁርና ነጭ። ኤቢሴ ልትጎነጉነው ትችላለች አለ። ሽማግሌው አመስግነው መለሱለት። የማን ክር የት እንዳለ እሳቸው ያውቃሉ፤ በእሱ ቦታ ሌላ አይሰቀልም። ቀጄላ እንግዲያውስ ባዶ ቀለበቶቹን ልቁረጣቸው፣ ልሙረዳቸው፣ አያምሩም አላቸው።

«አትንካቸው» አሉ።

አልነካቸውም። ግራይንደሩ እጁ ላይ ነበር፤ ንዴቱም ነበር። የሚሞርደው ግን ሌላ ብረት ፈለገ።

በየሳምንቱ አባ ቦቃ ያንን ድልድይ ይሻገራሉ፤ የኦዳን ቤተሰብ ለመጠየቅ። አንድ ቀን ያው አዛዥ ነበር የቆመው፤ ጫማው አሁንም ንጹሕ ነው። ሞተሩን አስቁሞ ዞረው። ቀጄላ ከኋላ ተቀምጦ አየው። አዛዡ አላወቃቸውም፤ ወይም እንዳላወቀ ሆነ። በጣቱ አንዱን ባዶ ቀለበት መታ መታ አደረገው።

«ይሄ ቀለበት የምንድን ነው?»

«የማንጠልጠያ ነው» አሉ አባ ቦቃ።

«ምን ይንጠለጠልበታል?»

«አንተ ጋ ያለው።»

አዛዡ እጁን ከቀለበቱ ላይ አነሣ። ከኋላቸው የድርቆሽ መኪና ጡሩምባ ይነፋል። «እለፉ» አለ ወደ ሌላ እያየ። ሽማግሌው ግን ወዲያው አላለፉም። ፍሪሲዮኑን ይዘው፣ ጀርባቸውን አቅንተው፣ ግራ እግራቸውን ወደ ፊት ዘርግተው፣ ደግሞ መልስ እንደሚጠብቅ ሰው ጥቂት ቆዩ። ከዚያ በሶምሶማ ድልድዩን ተሻገሩ።